ብርድ ነው የተባለው ሳል

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ውሻ እፈራለሁ። ሊፍት እፈራለሁ። ፈተና እፈራለሁ። ግን በዕድሜዬ እንደዚያ ዊንተር ማለቂያ የፈራሁበት ጊዜ የለም፤ የፈራሁትም ክንዴ ላይ የወጣችን አንዲት እብጠት ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ አክስቴ ቤት እየኖርኩ ነርሲንግ እማራለሁ። አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ባሏ ትራክ ስለሚነዳ ከወሩ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ነው። እሷ የሀበሻ እህልና ቅመም የሚሸጥበት ግሮሰሪ ውስጥ ትሠራለች፤ አንዲት የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። መጋቢት ገብቷል፣ ሁዳዴ ተይዟል፣ ብርዱ ግን ንቅንቅ አልል አለ። ፓርኪንጉ ጥግ ተጠርጎ የተቆለለው በረዶ ጠቁሮ፣ አፈር መስሎ፣ ሳይቀልጥ ሳምንታት ቆየ። አንድ ቀን ፀሐይ ትወጣና ሰው ሁሉ ጃኬቱን ያወልቃል፤ በማግስቱ ጆሮ የሚቆርጥ ንፋስ ይመጣል። በዚያ መሀል የማያስል ሰው አልነበረም። አውቶብስ ውስጥ ሳል፣ ላይብረሪ ውስጥ ሳል፣ ፈተና ላይ ሳል። እኔም ከጥምቀት ጀምሮ እስል ነበር።

«ብርድ ነው» ትለኛለች አክስቴ። «አንገትሽን አትሸፍኚ፣ ፀጉርሽን ታጥበሽ ሳይደርቅ ትወጫለሽ። ታዲያ ብርድ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

ይቺን «ብርድ ነው» የምትባል ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። አባቴ የሞተው የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። በምን ሞተ? ብርድ መትቶት። አያቴም እንዲህ ነው ያለችኝ፣ እናቴም፣ ጎረቤቱም። ግቢያችን ጥግ ባለችው ክፍል ተኝቶ ሲስል ትዝ ይለኛል፤ ሳሉ እስከ ውጭ በር ድረስ ይሰማ ነበር። እዚያ ክፍል መግባት አይፈቀድልኝም። «በመስኮት ሰላም በዪው» እባላለሁ፤ በመስኮት እጄን አወዛውዝለታለሁ፣ እሱም ያወዛውዝልኛል። ብርድ የመታው ሰው ለምን በመስኮት ብቻ ሰላም እንደሚባል ጠይቄ አላውቅም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

ባለፈው ሴሚስተር ስለ ሳንባ ስንማር የቲቢ ምልክቶች የተዘረዘሩበት ገጽ ላይ ደረስኩ። የማይለቅ ሳል፣ የክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ። በሽታው ሰው ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ቆይቶ ሊነሳ ይችላል ይላል። እሱን አንብቤ መጽሐፉን ከደንኩት፤ ተመልሼም አልገለጥኩትም። ፈተናው ላይ ስለ ቲቢ የመጣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ሌላውን በሙሉ አግኝቼ እሱን ሳትኩ።

እንግዲህ ክሊኒካል የሚባለው ትምህርት አለ፤ ሆስፒታል ገብተን እውነተኛ በሽተኛ አጠገብ ቆመን የምንማርበት። እዚያ ከመግባታችን በፊት ሁላችንም የክትባት ወረቀት ማሟላትና የቲቢ ምርመራ ማድረግ ነበረብን። የኮሌጁ ነርስ ክንዴ ላይ ከቆዳ ሥር ጠብታ የምታህል ነገር ወጋችኝና ከሁለት ቀን በኋላ መጥተሽ አሳዪኝ አለችኝ። አብረውኝ የተወጉት ልጆች እየተሳሳቁ ወጡ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። በማግስቱ ጠዋት እጅጌዬን ስሰበስብ የተወጋሁበት ቦታ ቀልቶ፣ ቁልል ብሎ አገኘሁት። ክው አልኩ። በጣቴ ነካሁት፤ ጠንካራ ነው። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠዋን ልጅ ክንድ ሰርቄ አየሁ፤ የተወጋችበት እንኳ አይታወቅም። ከፊቴ ያለውንም አየሁ፤ ምንም የለበትም። የዚያን ቀን ምን እንደተማርን ብትገድሉኝ አላስታውስም።

በሁለተኛው ቀን ነርሷ እብጠቷን በትንሽ ማስመሪያ ለካቻትና ፈገግ ብላ «ፖዘቲቭ ነው» አለችኝ። ፈገግታዋ ራሱ አስፈራኝ። ከዚያ ብዙ ነገር አስረዳችኝ፤ በሕፃንነታችሁ የምትከተቡት ክትባት እንዲህ ሊያሳብጥ ይችላል፣ ከእናንተ አገር የመጡ ብዙ ተማሪዎች ይገጥማቸዋል፣ የደረት ራጅ ተነስተሽ አምጪ፣ ክሊኒካል የሚጀመረው ሰኞ ሳምንት ስለሆነ ይደርስልሻል። ይህን ሁሉ አሁን ነው የማስታውሰው። ያኔ ጆሮዬ ‹ፖዘቲቭ› የምትለዋን ሰምቶ ተዘጋ። ቀጥላ አንድ ፎርም አወጣችና ትጠይቀኝ ጀመር። ሳል አለሽ? «ትንሽ። ጉንፋን ነው።» ክብደት ቀንሰሻል? «ጾም ስለሆነ ነው።» ከቤተሰብሽ ቲቢ የያዘው ሰው ነበረ?

«የለም» አልኩ።

ማንም አላዘዘኝም። አስቤም አልዋሸሁም፤ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ነርሷ ‹የለም› የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ወረቀቱን ፋይሌ ውስጥ ከተተችው።

አውቶብስ እየጠበቅኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ለቪዛ ስመረመር ራጅ ተነስቼ ንጹህ ነሽ ተብዬ የለም እንዴ? ግን እሱ ሁለት ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደረቴ ውስጥ ምን ሲሠራ እንደከረመ በምን አውቃለሁ? ደግሞ የእኔስ ይሁን፤ ብሞትም የምሞተው እኔ ነኝ። ነፍሴን ያስጨነቃት የልጅቷ ነገር ነው።

ይቺ የአክስቴ ልጅ ያለ እኔ አትበላም። እንጀራ በራሷ እጅ አትነካም፤ እናቷ ልታጎርሳት ስትል ፊቷን ታዞራለች። እኔ ከትምህርት ስመጣ ግን ጭኔ ላይ ትወጣና አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ሽሮው ትኩስ ከሆነ እፍ እልላታለሁ። ጉርሻው ከበዛባት ግማሹን ነክሼ ግማሹን አጎርሳታለሁ። ተረት ሳነብላት ደግሞ አፍንጫዋን አንገቴ ሥር ቀብራ ነው የምታዳምጠኝ። ቲቢ በትንፋሽ እንጂ በጉርሻ እንደማይተላለፍ ተምሬያለሁ፤ ግን እኔ እኮ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ፊቷ ላይ ስስልባት ከርሜያለሁ። አባቴን የገደለው ነገር እኔ ውስጥ ካለ ለሷ አስተላልፌዋለሁ ማለት ነው። እዚያው ፌርማታው ላይ ቁጢጥ አልኩ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ «አር ዩ ኦኬ?» ብሎ ጎንበስ ሲልልኝ አፌን በሻርፔ ሸፍኜ ሸሸሁት።

ለአክስቴ ልንገራት? ኧረ ምን በወጣኝ! በእኛ ሰፈር ቲቢን «ሳንባ» ነው የሚሉት፤ «ሳንባ» የተባለ ሰው አለቀለት። ስሙ ይወጣል። ልጅቷን ልጇ አጠገብ የምታስጠጋ እናት አትገኝም፣ አክስቴ የምትሸጠውን ምስር የሚገዛ አይኖርም። ይህን ሁሉ እያሰብኩ መንገዱን ጨረስኩትና አንድ ውሳኔ ላይ ደረስኩ፤ ራጁ እስኪታወቅ ለማንም ትንፍሽ አልልም፣ እስከዚያ ልጅቷን አላስጠጋም።

መወሰኑ ቀላል ነው። ቤታችን ውስጥ ግን የሚቀርበው አንድ ትሪ ነው። አክስቴ ሥራ ውላ፣ ልጇን ከዴይ ኬር ይዛ ትመጣና በዘጠኝ ሰዓት ጾሟን ትፈታለች፤ እኔም የምገባው ያኔ ነው፤ ሦስታችን ትሪውን ከበን እንበላለን። በመጀመሪያው ቀን «ኮሌጅ በልቻለሁ» አልኩ። በሁለተኛው ቀን «ሆዴን ቆርጦኛል» አልኩ። በሦስተኛው ቀን ምክንያት አልቆብኝ «እስከ ማታ ልጾም ነው» አልኳት።

«ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ የመነኮስሽው?» አለች አክስቴ። «ትናንት ቺፕስ ስትበይ ያየሁሽ መስሎኝ!»

ማስክ ማድረግ ጀመርኩ፤ «ጉንፋኔ እንዳይጋባባችሁ» አልኩ። እሱንስ እሺ አለች። ከሁሉም የባሰው መስኮቱ ነው። ቤቱ አየር ማግኘት አለበት፤ ይህን ሳላውቅ ነርስ ልባል አልችልም። ስለዚህ ገና ስገባ የሳሎኑን መስኮት ብርግድ አደርገዋለሁ፤ ውጭው በረዶ ነው።

«በስመ አብ! አንቺ ልጅ ጤና የለሽም እንዴ? ብርዱን እየጠራሽ ታስገቢዋለሽ!» ትልና አክስቴ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠምጥማ ሮጣ ትዘጋዋለች። ዞር ስትል እከፍታለሁ፤ ትመጣና ትዘጋለች። እኛ ሀበሾች በመስኮት የሚገባን ንፋስ ያህል የምንፈራው አውሬ የለም። እሷ ንፋሱ ልጇን እንዳይመታባት ትዘጋለች፣ እኔ ትንፋሼ ልጇን እንዳይጎዳባት እከፍታለሁ። ሁለታችንም ለአንዲት ልጅ ስንል መስኮት ላይ እንጓተታለን፤ እሷ ግን ይህን አታውቅም። እብድ የሆንኩባት ነው የሚመስላት።

ልጅቷ ክፍሌ በር ላይ ቆማ በሁለት እጇ ትደበድባለች። «ኦፕን! ኦፕን ዘ ዶር!» እናቷ ልታጎርሳት ስትሞክር «ኖ! ሺ ዱዝ ኢት!» እያለች፣ እሷ ካላጎረሰችኝ ብላ ታለቅሳለች። ከውስጥ ሆኜ እሰማታለሁ።  ሳሌ ሲመጣ ትራስ አፌ ላይ ጭኜ ነው የምስለው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጉርሻ ሳትቀምስ አልቅሳ አልቅሳ ተኛች።

ያን ጊዜ አክስቴ በሬን ከፍታ ደፉ ላይ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምንም አላደረግሽኝም፣ እቴቴ።»

«ልጄስ ምን አደረገችሽ? ትሪዬ ላይ እጅሽን ለማሳረፍ የተጠየፍሽው ምን አይተሽ ነው? ተቀይመሽ እንደሆነ ንገሪኝ። ሌላ ቤት አግኝተሽ እንደሆነም ንገሪኝ። እንዲህ በዝምታ ግን አትቅጪኝ።»

«አልተቀየምኩም። ሙቺ አልተቀየምኩም።»

«ታዲያ ተነሺና ብዪ!»

«አልራበኝም።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። በጣም ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ነርሷ ራጅ የሚነሳባቸውን ቦታዎች ዝርዝር ሰጥታኛለች። አንዱ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ግን እዚያ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ሴትዮ ከአክስቴ ጋር ማኅበር ትጠጣለች፤ ራጁን ተነስቼ ልብሴን ሳልለብስ ወሬው አክስቴ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ማንም የማያውቀኝ ሌላ ከተማ፣ አሌክሳንድሪያ ሄጄ ልነሳ ወሰንኩ። እዚያ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ያለ ክሊኒክ ደውዬ ለሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ያዝኩ። ሐሙስ ከክፍል ቀረሁ፤ ባቡር ቀይሬ፣ አውቶብስ ይዤ፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው ደረስኩ።

በሩን ገፍቼ ስገባ ልቤ ቀጥ አለች። የተቀመጠው ሰው ግማሹ ሀበሻ ነው! ላንድማርክ እኮ ሀበሻ በሀበሻ ላይ የሚኖርበት ቦታ ነው፤ ይህን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሕፃን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ፍርሃት ሰውን ያጃጅላል። ተመልሼ ልወጣ ስል ዴስኩ ላይ ያለችው ልጅ ጠራችኝና መታወቂያዬን ተቀብላ ስሜን አየችና ፊቷ በራ።

«ውይ፣ ሀበሻ ነሽ? ራጁ ለምንድን ነው፣ እህቴ?» በአማርኛ ነው፤ ያውም ጮክ ብላ።

«ለ... ለስኩል ነው።»

«ለቲቢ ነው? ፖዘቲቭ ወጥቶብሽ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፤ ለእኔ ግን ክፍሉ በሙሉ ጆሮ ብቻ የሆነ መሰለኝ። አንገቴን ጃኬቴ ውስጥ ቀብሬ ጥግ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያሉት ነጠላ የለበሱ እናት ወዲያው ዞር አሉ።

«የኔ ልጅ፣ እዚሁ ነው የምትኖሪው?»

«አይ፣ እማማ። ስፕሪንግፊልድ ነኝ።» ዋሸሁ።

«እሰይ! እኔም እኮ ስፕሪንግፊልድ ነኝ! በየት በኩል?»

ስፕሪንግፊልድን በሕይወቴ ረግጫት አላውቅም። «ከ... ከሞሉ ጀርባ» አልኩ፤ ሞል የሌለበት ቦታ አይኖርም ብዬ። የሞሉን ስም ሊጠይቁኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳሌ መጣ። ማስኬን በሁለት እጄ ጨብጬ ሳልኩ፤ አላቆም አለ። እሳቸው ቦርሳቸውን ከፍተው ሶፍት አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«አይዞሽ። ብርድ ነው» አሉኝ።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ተነስቼ ከእሳቸው አራት ወንበር ራቅኩ። የተቀየሙኝ ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም።

ራጁ ራሱ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ደረቴን ቀዝቃዛ ሰሌዳ ላይ አስደግፈው «ተንፍሺ... ያዢ» አሉኝ። ትንፋሼን ያዝኩ። ልቀቂ ካሉኝም በኋላ ይዤ ቆየሁ። የሚያነሳኝን ሰውዬ ፊት አየሁት፤ ምንም አያስነብብም። «ምን ይላል?» ስለው «ሐኪሙ ነገ ይደውልልሻል» አለኝ። ነገ! እስከ ነገ እንዴት ነው የሚኖረው?

ቤት መግባት ፈርቼ ከተማ ስዞር ውዬ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። አክስቴ ልጅቷን ታቅፋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ደረቷን ቅባት ትቀባታለች። ልጅቷ ትስላለች። ሳሏ ትንሿን ገላዋን አንስቶ ያፈርጣታል። ጉንጯ በትኩሳት ቀልቷል፤ ስታየኝ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ከዴይ ኬር ኮል አድርገውልኝ ነው ያመጣኋት» አለች አክስቴ ፊቷን ሳታዞር። «ምንም አይደል። ብርድ ነው።»

«ብርድ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ።

በሩ ላይ እንደቆምኩ ነው። ወደ ውስጥ አልገባሁም። ሁሉንም እዚያው ዘረገፍኩት፤ መርፌውን፣ ነርሷን፣ የዋሸሁትን፣ አሌክሳንድሪያን። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየኋት። «ያስያዝኳት እኔ ነኝ፣ እቴቴ። ሁለት ወር ሙሉ ላይዋ ላይ ስስልባት ነበር። እኔ ነኝ!» አልኳት።

አክስቴ ክንዴን አየችው። ፊቷ አመድ ሆነ። ልጇን አቅፋ ተነሳች፣ መኝታ ቤት ገባች፣ በሩንም ዘጋች። ቁልፉ ጠቅ ሲል ሰማሁ።

አለቀ አልኩ በልቤ። ክፍሌ ገብቼ ያገኘሁትን ልብስ ቦርሳዬ ውስጥ መጠቅጠቅ ጀመርኩ። የት እንደምሄድ አላውቅም፤ የሚያስጠጋኝ ሰው ቢኖርስ ምን ብዬ ነው ቤቱ የምገባው? ካልሲ ጣልኩ፣ መጽሐፍ ጣልኩ፣ መልሼ መጽሐፉን አወጣሁ። ዚፑን መዝጋት አቃተኝ።

በሩ ተከፈተ። አክስቴ ናት፣ ብቻዋን። «ለሐኪሟ ደውዬላታለሁ፤ ነገ ጠዋት ያዩዋታል» አለች። «ተኝታለች። አንቺ ነይ።»

ሳሎን ትሪ ቀርቧል። ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች ወጥ። አክስቴ መስኮቱን አየት አደረገችው፣ እኔን አየችኝ። «የምትከፍቺው ለዚህ ነበር?» አለችና ሄዳ ራሷ ከፈተችው። ንፋሱ እያፏጨ ገባ። ነጠላዋን ተከናንባ ትሪው ፊት ተቀመጠች።

«ማስክሽን አውልቂና ቁጭ በይ።»

«አይሆንም፣ እቴቴ። ካልታወቀ በፊት አይሆንም። እኔ እኮ የምማረው ይህንኑ ነው!»

«ቁጭ በይ ብያለሁ!»

ተቀመጥኩ። እንጀራ ቆርሳ፣ ሽሮ አጥቅሳ፣ ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋችው። ጉርሻው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ እሷም ፈርታለች። ከእኔ ብሳ ፈርታለች።

«አባትሽም ብርድ አልነበረም» አለች፣ ጉርሻውን እንደያዘች።

«ምን ነበር?» አልኩ።

«ሳንባ ነበር። ያኔ ይኼው ባሌ ከዚህ አገር ሽማግሌ ልኮ ነበር። እናታችን ‹ሳንባ ነው ከተባለ ሴቶቹን ማን ያገባቸዋል?› አለች። ጠበል እንውሰደው፣ ለሰው ብርድ ነው እንበል ተባለ። እኔም አዎ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ አዎ ብዬ አሜሪካን ጠበቅኩ።» ጉርሻው እጇ ውስጥ ይፈራርስ ጀምሯል። «ምግብ የማቀርብለት እኔ ነበርኩ። ሰሃኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ እሮጣለሁ። ‹ነይ እስቲ፣ ትንሽ ተቀመጪ› ይለኛል ከውስጥ። ‹ሥራ አለብኝ› እለዋለሁ። ምን ሥራ ነበረብኝ? አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ አብሬው አልበላሁም።»

«እቴቴ...»

«ልጄን ለይቻታለሁ። ልጅ ናት፤ እሷን አልሰጥም። እኔ ግን ቢገለኝም አንቺን እንደዚያ አላደርግሽም። ክፈቺ አፍሽን።»

ማስኬን አውልቄ ከፈትኩ። እያለቀስኩ፣ እየሳልኩ፣ በብርዱ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ጎረስኩ። ከዚያ እሷ ራሷ፣ በዚያው እጇ፣ ጎረሰች።

በማግስቱ አርብ ሁለት ስልክ ተደወለልኝ። የመጀመሪያው የአክስቴ ነው፤ «ጆሮዋ ነው! ጆሮዋ ተመርዞ ነው፣ ደረቷ ጤና ነው!» ብላ ከሐኪሙ ቢሮ ሆና ጮኸችብኝ። ሁለተኛው ከአሌክሳንድሪያ ነው። ሳንባሽ ንጹህ ነው፣ ሳልሽ ተራ ሳል ነው፣ በሽታ የለብሽም፣ ለማንም አላስተላለፍሽም አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ፣ የተማሪ እግር መሀል፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ተነስቼ ነርሷ ዘንድ ሄድኩና ፎርሙን እንድታወጣው ጠየቅኳት። «‹የለም› ያልኩት ውሸት ነው። አባቴ ነበረበት» አልኳት። አልተቆጣችኝም። ምልክቱን ሰርዛ ሌላው ላይ አደረገች፤ የደም ምርመራም አዘዘችልኝ። የደሙ ውጤት ሲመጣ ጀርሙ ውስጤ ተኝቶ እንዳለ፣ ከአባቴ የያዘኝም ሊሆን እንደሚችል፣ እንዳይነሳ ክኒን መውሰድ እንዳለብኝ ተነገረኝ። ራጄ ንጹህ ስለነበር የደሙን ውጤት ሳልጠብቅ ሰኞ ክሊኒካል ከሌሎቹ ጋር ጀምሬ ነበር።

ክኒኑን ይዤ ቤት የመጣሁ ቀን ልጅቷ ጭኔ ላይ ወጥታ ድርሻዋን ተቀብላ፣ ጠግባ፣ ካርቱኗን ልታይ ሄደች። አክስቴ የክኒኑን ጠርሙስ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አገላብጣ አየችው። ከፍታ አንዷን ክኒን መዳፏ ላይ አወጣች።

«ይኼ ነው?»

«አዎ። በየቀኑ፣ ለአራት ወር።»

«መርፌ የለውም?»

«የለውም።»

«አንቺ ግን አልታመምሽም። የታመመ ሰው ቢሆንስ?»

«ክኒኑ ይበዛል፣ ዓይነቱም ይጨምራል። ስድስት ወር ይወስዳል።»

«ይድናል?»

ምን እየጠየቀችኝ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።  ‹አንዳንዱ ይድናል› ልላት አፌ ላይ መጣ፤ እንደዚያ ብላት እሷም አመስግና የምትቀበለኝ ይመስለኛል። ግን ውሸት አንገሽግሾኝ ነበር።

«ይድናል፣ እቴቴ።»

«ያኔም ነበር? አገር ቤት?»

«ነበር። ጤና ጣቢያ በነፃ ነው የሚሰጡት።»

ክኒኗን ወደ ጠርሙሱ መለሰቻት። ክዳኑን ለመግጠም ሞከረች፤ አልገጥም ሲላት ተወችው።

«ስድስት ወር» አለች። «እኛ እኮ ስምንት ወር ነው የደበቅነው።»